የይሻው አውራ ጣት

ጥቅምት 11
ከቅዳሴ በኋላ እንደ ወትሮው ሰበካው አዳራሽ። ወላጅ የሌላቸውን ልጆች እሑድ እሑድ የምናጫውተው እኛ ሽማግሌዎች ነን። ጉልበቴን የጉና ብርድ ቢይዘውም እንደ ጅብ እያነከስሁ ተረት አወራሁ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ያች ትንሿ ማሬ የት ሄደች? ለካ ጥግ ላይ ናት፣ ከይሻው ጎን። ያ ከእብናት የመጣ ድርቅ ያለ ጎረቤቴ... ዝም ብሎ ገመድ ይገምዳል፣ እሷ ጫፉን ይዛለታለች። ዓመት ሙሉ እጄን ይዛ የኖረች ልጅ! በገመድ ተለወጥሁ?

ጥቅምት 18
ማሬ ዛሬም ከይሻው ጋር። በገመዱ በሬ ልትጠልፍ ነው ወይስ ራስህ ልትታሰር አልሁት። ልጆቹ ሳቁ፣ እሱም ፈገግ አለ። እሷ ቀና ብላም አላየችኝ።
ባለቤቴ እቴነሽ፣ "አንተ ሰው፣ በዚህ ዕድሜህ በልጅ ትቀናለህ?" አለችኝ።
በልጅቱ ማን ቀና? በይሻው ነው እንጂ።

ጥቅምት 20
የማሬ አክስት ፈንታነሽ መጣች። የምታሳድጋት እሷ ናት። ለልጅቱ የጡት አባት ልትይዝላት አስባለች... ማር የተቀባ አውራ ጣቱን ጠብታ ልጁ ልትባል፣ የሚቆጣላት፣ የሚድራት ሰው እንዲኖራት። ከሽማግሌዎቹ ማሬ ራሷ ትመርጣለች፤ ማሩ ግን ፈንታነሽን ቸግሯታል።
ማር ከኔ አልኋት። ከጓሮዬ ቀፎ፣ ነጩን። ለማን ጣት እንደሆነ አልተነጋገርንም። እኔ ግን ጥፍሬን ቆረጥሁ።

ጥቅምት 25
ይሻውን መረጠች።

ጥቅምት 26
አላስችል አለኝ፤ መንገድ ላይ ጠበቅኋት። ምን አጠፋሁ አልኋት።
መሬት መሬት እያየች፣ "አንቱ ሲያጫውቱ ልጁ ሁሉ ይስቃል። አባባ ይሻው ጋ እኔ ብቻ ነኝ" አለች።
ቀልድ ሳልወረውር ወደ ቤቴ ተመለስሁ። እኔ!

ኅዳር 2
የይሻው ጣት፣ የኔ ማር። ምስክር ሆኜ ማሰሮውን የያዝሁትም እኔው። ማሬ ዓይኗን ጨፍና ጠባች። እንዳትነክስህ ልለው ከጥርሴ ደርሶ መለስሁት። መርቅ አሉኝ፣ መረቅሁ።
ቤት ስገባ እቴነሽ አልቀለደችብኝም። ማሰሮውን ተቀብላ አጠበችው።

ኅዳር 9
ማሬ ብቻዋን ቤቴ መጣች። ደጃፍ ተቀምጠን ሽምብራ ቆረጠምን። ተረት አላወራሁም። ሽምብራው ሲያልቅ፣
"አባባ፣ የጡት ልጅ አለዎት?"
የለኝም አልኋት።
"ከልጆቹ ያች ሳቂታዋ ትዝታ የጡት አባት ይሁኑኝ ብላ ልትለምንዎት ነው። እሽ እንዳይሏት።"
ፊቷን አየሁት። የቀና ሰው ፊት ይጠፋኛል? ወሩን ሙሉ በመስተዋት ሳየው ነው የከረምሁት።
አስብበታለሁ አልኋት። እስቲ ደግሞ እሷ ትንሽ ትንገብገብ።