አደይ ለተይ እና የጠዋቷ ጠብታ

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15
ዛሬም ጨፈኑብኝ። ጠብታዋ ከጠርሙሱ ለቅቃ ዓይናቸው ልትደርስ ስትል ክድን። ግማሿ ጉንጭ ላይ። በነጠላቸው ጥርግ፣ "ገብቷል ጓለይ፣ ልጄ፣ ገብቷል።" ምኑ ነው የገባው? ማስታወሻዬ፣ አማቴን አደይ ለተይን ታውቂያቸዋለሽ። ጡረታ የወጡ መምህርት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኩረጃ ሲይዙ የኖሩ ሴት። ግላኮማ ነው ከተባሉ ዓመት አልፏል። ጠዋት አንድ ጠብታ፣ ማታ አንድ፣ ዕድሜ ልክ። ማታ እንደ በግ ናቸው። ጠዋት ግን ትግል። ባጃጁ ጡሩምባውን እየነፋ ነው። ሄድኩ።

መጋቢት 5፣ ዓርብ፣ ከሰዓት
ከሐኪም ቤት ተመለስን። የዓይናቸው ግፊት ጨምሯል። በግራ ዓይናቸው በኩል ከዕይታቸው ጠርዝ ላይ ሌላ ቦታ ጠፍቷል። ዶ/ሯ በትዕግሥት አስረዳች፦ ዓይን ውስጥ የሚመነጭ ውኃ አለ፣ መውጫው ሲያስቸግር ግፊቱ ይጨምራል፣ ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ይገድለዋል። አያምም። ከዳር ከዳር እየበላ ስለሚመጣ ባለቤቱ አያውቅም። የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታዋ የምታድነው የቀረውን ነው። አደይ ሰምተው ሲያበቁ፣ "አንቺን ጥርት አድርጌ አይሻለሁ" አሏት። ጠብታው በሰዓቱ ይገባል ወይ ብላ ጠየቀች። አፌን ሳልከፍት አደይ ቀደሙኝ፦ "አንድም ቀን አላጓደልኩም።" እኔ ኮርኒሱን ሳይ ቆየሁ። እንዲህ ከቀጠለ ኦፕሬሽን።

በዘር ስለሚሄድ ልጆችም ይታዩ አለች። ክብሮም፣ ውድ ባሌ፣ ይህን ሲሰማ ሮማናት አደባባይ ቆሞ ከማዶ ያለውን የሱቅ ስም እንደሚያነብ ነገረኝ። የሱቅ ስም ማን ጠየቀው?

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ
ጉድ ነው። ዓይናቸውን በልጥጠው ጠበቁኝ። ጠብ፣ ገባች። እጄ ቀንቶ ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ስኮራ ዋልኩ።

መጋቢት 7፣ እሑድ
ከቅዳሴ መልስ ጠርሙሱን ራሳቸው አመጡልኝ። ጠረጠርኩ።

መጋቢት 8፣ ሰኞ፣ ጠዋት 4፡00
ጨፈኑ። እኔም የጋዜጣ ዓምዴን ለመጻፍ ቤት ቀረሁ። (ርዕሱ "ከአማት ጋር በፍቅር መኖር"። አዘጋጁ ነው የመረጠው፣ እሱ አማት የለውም።) ጎረቤታችን ወ/ሮ ምሕረት መጣች። እሷም ግላኮማ አለባት። በረንዳ ላይ ተቀመጡ፣ መስኮቱ ክፍት ነው።

አደይ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምሩ ሆነው ያስረዳሉ። ጠብታዋ ከዓይን ወደ ጉሮሮ ትወርዳለች፣ ትመርራለች። ጉሮሮ ከገባች ጾም ፈረሰ። ስለዚህ ጨፈን ነው፣ በጉንጭ ትውረድ። ቅዳሜና እሑድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለማይጾም ችግር የለም።

"ምራትሽስ አትነቃም?"

"እሷ የምታየው ጠርሙሱ ማለቁን ነው።"

ብዕሬን ጥዬ ወጣሁ። ይሄ ኩረጃ ነው አልኳቸው። አልደነገጡም። "አልኮረጅኩም፣ ጾምኩ።" ታዲያ የንስሐ አባትዎን አይጠይቁም? "ጠይቄ በሽተኛ ነሽ፣ ብዪ ቢሉኝስ? በሁዳዴ ቁርስ ልበላ?" ወ/ሮ ምሕረት በሣቅ ሞተች። እኔ ግን አልሣቅኩም። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ በሳምንት አምስት ጠዋት፣ በገዛ እጄ ጉንጫቸውን ሳክም ኖሬያለሁ።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ
ጎትቼ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። የዓይን ክፍሏ ሲስተር ታሪኩን ስትሰማ አልተገረመችም፤ በጾም ብዙ እናቶች እንዲህ ያደርጋሉ አለች። ጠብታዋን ጨመረች፣ ዓይኑን በቀስታ አስጨፈነች፣ የአደይን ሌባ ጣት ይዛ በአፍንጫ በኩል ያለችው የዓይን ጥግ ላይ አስቀመጠች። እዚች ጋ ወደ አፍንጫ የምትወርድ ቀጭን ቦይ አለች፣ ሁለት ደቂቃ ከተጫኗት መድኃኒቱ ዓይን ውስጥ ይቀራል፣ ሥራውንም በደንብ ይሠራል አለቻቸው። አደይ ሰዓት አልፈለጉም። አቡነ ዘበሰማያት ደጋግመው ደገሙ። ከዚያ ምራቃቸውን ዋጡ። አሰቡ። ደግመው ዋጡ።

"አይመርርም።"

ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ተቆጡ። "ዓመት ሙሉ ስመላለስ ይህን የሚነግረኝ ሰው ጠፍቶ ነው?" እውነታቸውን ነው። እኔስ ለምን ይጨፍናሉ ብዬ አንድ ቀን ጠይቄ አውቃለሁ? መጮህ ብቻ።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡20
ዛሬ አልጨፈኑም። አሁን ጣታቸውን ዓይናቸው ጥግ ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ለወ/ሮ ምሕረት ደግሞ ትላንት ማታውኑ አስተምረዋታል፣ አዲሱን ትምህርት፣ አሮጌውን ማን እንዳስተማራት ሳያነሱ።

1፡30
ጨርሰው ነጠላቸውን ፈለጉ። ክብሮም በግራ በኩል ቆሞ ዘርግቶላቸዋል። እጃቸው ጠረጴዛውን ይዳብሳል። ነጠላውም ልጃቸውም አጠገባቸው ናቸው፤ አንዳቸውም አልታዩአቸውም። ፊታቸውን ሲያዞሩ ነው "ወደይ፣ መቼ መጣህ?" ያሉት። ከመጣ ቆይቷል። ነጠላውን ትከሻቸው ላይ አደረገላቸውና ወደ እኔ መጣ፤ "ሐኪም ቤቱ ስንት ሰዓት ይከፈታል?"

ሁለት ሰዓት አልኩት። ነገ ዓይኑን ይታያል። እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ማስታወሻዬ፣ በትልቁ ያዢልኝ፣ ምክንያቱም ይሄ ሰውዬ እስከ ማታ ድረስ ሐሳቡን ቀይሮ የሱቅ ስም ሊያነብልኝ ይችላል።