አፍ የሌላት አፈ ጉባኤ

ጥቅምት 4
ጧት የበግ ጠጉር ስፈትል አረፈድኩ። ከሰዓት የቀበሌ ምክር ቤት። አፈ ጉባኤ ነኝ እኮ! ሥራዬ? ሊቀ መንበራችን አቶ ትዕዛዙ ከወረዳ ያመጣውን ያነባል፤ እኔ «የምትደግፉ» እላለሁ። «የምትቃወሙ» ብዬ አላውቅም። ባሌ አወቀም አባል ነው፤ ሳልጨርስ እጁን ያወጣል።

ጥቅምት 12
ወረዳ ለሥልጠና ተጠራን። «ራስን በራስ ማስተዳደር»። አሠልጣኙ ባሕር ማዶ ሄዶ አንዲት ደሴት ጎብኝቶ መጥቷል። ስሟ ምላሴ ላይ አልቆም አለ... የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ የራሷ ባንዲራ። ደሴቷ ያለችበት ትልቁ መንግሥት ጦሩንና የውጭ ጉዳዩን ብቻ ይይዛል፤ በዓሣቸውና በመሬታቸው አይገባም። መሪው ምክር ቤቱን ካላሳመነ ይወርዳል!
«እኛም እንደዚያው ነን» አለና አረፈው።
ሽማግሌው አባላችን ጋሽ ወዳጆ ተነሡ። «ልጄ፣ ትልቁ መንግሥት አጀንዳ አይልክላቸውም?»
«ለጥያቄ ጊዜ የለንም።»
ለምሳ ግን ነበረን።

ጥቅምት 13
ያቺ ደሴት... ሴት አፈ ጉባኤ ይኖራት ይሆን?

ኅዳር 2
ትዕዛዙ አዲስ ወረቀት አመጣ። በአባቶቻችን ደንብ ተከልሎ የኖረው የሣር መሬት ለ«ሞዴል ማኅበር» ይሰጥ። የቤታችን ክዳን፣ የከብቱ የክፉ ቀን መውጫ!
«የማኅበሩ መሪ ማን ነው?» አሉ ጋሽ ወዳጆ።
የትዕዛዙ ወንድም።
«የምትደግፉ» አልኩ፤ እጅ መውጣት ጀመረ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ... «ቆይ፣ መጀመሪያ የምትቃወሙ!»
የጋሽ ወዳጆ እጅ ወጣ። የጎረቤቴ የጠጄ ቀጠለ። ከዚያ ከግማሽ በላይ። የአወቀ ደረቱ ላይ ቀረ፤ ጋቢ የሚያስተካክል መሰለ።
ሐሳቡ ወደቀ!

ኅዳር 9
ግምገማ። «ኪራይ ሰብሳቢ» ተባልኩ። የማከራየው ጎጆ እንኳ የለኝ! ከአፈ ጉባኤነት ወረድኩ፤ አባልነቱን ተዉልኝ። በምትኬ ማን? አወቀ! «ሕዝብ ካመነብኝ» አለ። ሕዝቡ የት ነበር?

ኅዳር 16
አወቀ የመጀመሪያ ስብሰባውን መራ። ያው የሣር መሬት ተመልሶ መጣ። «የምትደግፉ።» ወጣ፣ ወጣ... ጋሽ ወዳጆ እንኳ መሬት መሬቱን እያዩ አወጡ። ለልጃቸው ማዳበሪያ እንደሚከለከል ነግረዋቸው ኖሯል። ጠጄን ጭራሽ አልጠሯትም። «የምትቃወሙ» አላለም። ሳልጠየቅ እጄን አወጣሁ። ብቻዬን። ከአወቀ ጋር ዐይን ለዐይን ተያየን።
«በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብሎ አስጻፈ።
ሲመሽ መጣ። «ራት የለም እንዴ?»
«በሙሉ ድምፅ ጠግበህ መጥተህ የለ?»
«እጅሽን ስታወጪ አላየሁሽም እኮ፣ በማርያም።»
ይኸን ያህል ዘመን አብሮኝ ኖሮ!
ነገ የማኅበሩ ሰዎች መሬቱን ሊያጥሩ ይመጣሉ። ጠጄ ሴቶቹን ይዛ እዚያ ቆማ ልታግዳቸው ነው። «አንቺም ልትሄጂ ነው?» አለኝ። ጫማዬን አንሥቼ በሩ ሥር አስቀመጥኩ።