በመጨረሻው ዘፈን የተውከው ዝምታ

ማርቆሴ፣

እንደምን አለህ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን የሚያመጣልኝ የለም። ስለዚህ እኔ እንደምን እንዳለሁ ልንገርህ። ከቤቱ ጀርባ የተከልከው ቦይና፣ ያ ሥራሥሩ፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተቆፍሮ ተበላ። ሁለተኛውን ስቆፍር ነው፣ ይሄ ሰውዬ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው እኮ፣ እስከ መቼ ዝም እለዋለሁ ያልኩት።

ከሱቅህ ፊት ያለው መንገድ ኮብልስቶን ተነጥፎበታል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጫማህን በእጅህ ይዘህ የምትሻገረው ጭቃ የለም። ራዲዮ የሚያስጠግን ሰው ስለጠፋ ሱቁን ለልብስ ሰፊ አከራየሁት፤ የኋላውን ክፍል ግን አልሰጠሁም። ስፖንጁና ጆንያው ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው። ቢኒያም፣ የአረካው ጊታር መቺህ፣ በሚነዳው ባጃጅ የኋላ መስታወት ላይ ስምህን አስጽፎበታል። ተሳፋሪ ማርቆስ ማነው ብሎ ሲጠይቀው «ጯሂው» ይላል፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሶዶ ውስጥ በስልሳ ዓመቱ ሄቪ ሜታል የዘፈነ ሁለተኛ ሰው የለም፣ ከማን ጋር ይምታታል?

የምጽፍልህ ግን ስለ ሲዲው ነው። አደራህን ምን እንዳደረግኩት እስካሁን አልነገርኩህም።

ያን ጊዜ ታስታውሳለህ፣ ኦቶና ሐኪም ቤት ሄደን ሐኪሙ ጉሮሮህ ውስጥ ያየውን ነገር ሲነግረን። ድምፅህን አሳርፍ አለህ። ወጥተን በር ላይ እንደቆምን ፊትህን አየሁት፤ ያሰብከውን አወቅኩት። አዲስ አበባ በሆቴል ቤት ስትዘፍን ያወጣሃቸው ሁለት ካሴቶች ነበሩህ፤ ከዚያ ወዲህ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሦስተኛውን እሠራለሁ እያልክ የሰው ቴፕ ስትፈታ ኖረሃል። «አስቱ፣ የቀረውን ድምፅ ለማን ነው የማሳርፈው?» አልከኝ። ተናደድኩብህ። አሁንም ሳስበው እናደዳለሁ። የቀረው ድምፅ የእኔም ነበር፣ እኔን አልጠየቅከኝም።

ከዚያ በኋላ ያሳለፍነውን ጊዜ ምን ልበለው። ቢኒያም ከአረካ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ መጣ፣ ከበሮውን እሱ ላይ ሠራው፣ የኋላውን ክፍል ግድግዳ በአሮጌ የስፖንጅ ፍራሽና በጆንያ ከደናችሁት። መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ዘፈኑ መሃል ላይ ድርግም ይልና የጮኽከው ሁሉ ከንቱ ይቀራል፤ እንደገና ትጮኻለህ። እኔ ከትምህርት ቤት ደብተር አርሜ ሳልጨርስ እመጣና የሞቀ ውኃ በማር ይዤ በር ላይ እቀመጣለሁ። አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ጆሮዬን ቀጥ አድርጌ የምሰማው ዜማውን አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሳል ነበር። መሐረብህን ቶሎ አጣጥፈህ ኪስህ ስትከት አላየችም ብለህ ነበር። አይቻለሁ።

ሰፈሩ እንደሆነ አፉን አልዘጋም። እሑድ መዘምራኑ መሃል ቆሜ ስዘምር ከኋላዬ ባሏ የሰይጣን ዘፈን እየቀዳ ነው ሲባል ይሰማኛል። ወንድምህ ጋሽ ጳውሎስ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ከፊት ወንበር ተቀምጦ ዓይኑን ወደ እኔ አያነሳም ነበር።

የእናንተን ነገር ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለህ፤ ቢሆንም እንዴት እንደገባኝ ልንገርህ። እናታችሁ የትውልድ መንደራችሁ ዲምቱ ላይ ስታርፍ አንተ ሰሜን ጦር ግንባር ነበርክ፣ ለክፍለ ጦሩ የሙዚቃ ጓድ ትዘፍን ነበር። ያን ሄቪ ሜታል የሚሉትንም እዚያው ከአንድ ጓደኛህ ካሴት ነው የለመድከው። መንግሥት ሲለወጥ በእግርህም በመኪናም ዲምቱ ደረስክ። መቃብሯ ላይ ሣር በቅሎበታል። አንድ ሰው እንኳ አላለቀሰላትም አሉህ። ጋሽ ጳውሎስ በእምነቱ ምክንያት በደርግ ታስሮ የወጣ ሰው ነው፤ አማኝ ናት፣ ወደ ጌታዋ ሄዳለች፣ እንደ ድሮው በሜዳ አይጮኽም ብሎ በመዝሙር ቀብሯታል። አንተ ደግሞ ለቅሶው በሜዳ ይውጣልኝ አልክ። በእናንተ ወግ የሟች ልጅ መሃል ሜዳ ቆሞ የእናቱን ስምና ጎሳዋን ይጠራል፣ ወንድሙ ከማዶ ይመልስለታል፤ ሦስት ጊዜ ተጣርቶ መላሽ ያጣ፣ ወንድም የሌለው ነው ይባላል። ጋሽ ጳውሎስ «ለቅሶው አልፏል፣ እኔ አልመልስልህም» አለህ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰላምታ ብቻ ነበራችሁ።

ይህን ሁሉ ስትነግረኝ እንደ ተራ የቤተሰብ ጠብ ነበር የሰማሁት። ስምንተኛውን፣ የመጨረሻውን ዘፈን እስክትቀዳ ድረስ።

እሱን የቀዳህ ቀን ድምፅህ ገና ከጠዋቱ ሸካራ ነበር። በአማርኛ ሳይሆን በእናትህ ቋንቋ ጀመርክ። ስሟን ጠራህ፣ ጎሳዋን ጠራህ፣ ከዚያ ዝም አልክ። ከበሮው ብቻውን ይመታል። ቢኒያም ደንግጦ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ጉሮሮው አለቀ ብዬ ተነሣሁ። እንደገና ጠራህ። እንደገና ዝምታ። ሦስተኛ ጊዜ ጠራህ፤ ከዚያ ከበሮው ብቻውን መትቶ መትቶ አለቀ። ቢኒያም ባዶ በቀሩት ቦታዎች ጊታር ላስገባባቸው፣ ያምራል አለህ። እጅህን አነሣህ፤ አትንካው። ለምን እንደሆነ አልነገርከንም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ደግሞ ከሹክሹክታ በላይ ድምፅ አልወጣህም።

በዚያው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩን አቃጠለው። የቀረን ቢኒያም አስቀድሞ የገለበጣት አንዲት ሲዲ ነበረች። ትራስህ ሥር አድርገሃት ነው አልጋ ላይ የዋልከው። ጊፋታ፣ የእናንተ ዘመን መለወጫ፣ ሳይገባ ጆሮዬን አፍህ ላይ ባደርግ «ጳውሎስ ሳይሰማው እንዳይወጣ» አልከኝ። እሺ አልኩህ። እሺ ማለት ቀላል ነው፤ ሲደርስ ነው ጉዱ።

ጋሽ ጳውሎስ ቀብርህ ላይ ጸለየ፣ አፈር አልብሶህ ሄደ። እንባ አላየሁበትም። ሳምንት ሳይሞላ ከሁለት ወጣት ሽማግሌዎች ጋር ቤት መጣ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ተቀምጠው ጸለዩ። ከዚያ ታናሽየው ነገሩን አነሣው፤ በአነጋገሩ ትሕትና አልጎደለውም። «እኅት አስቴር፣ የመጨረሻው ዘፈን በመናፍስት ልሳን ነው ይላሉ፣ በግድግዳ በኩል የሰሙ አሉ። ሲዲውን አምጪውና እዚሁ እንስበረው፤ አንቺም በአገልግሎትሽ ትቀጥያለሽ» አለኝ። እምቢ ካልኩ ደግሞ ከመዘምራን እወጣለሁ፣ ከጌታ ራትም እከለከላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የዘመርኩበት ነው፣ ማርቆሴ። ከትምህርት ቤትና ከአንተ ሌላ ያለኝ ያ ነበር።

ባልሰማችሁት ላይ አትፍረዱ፣ ስሙትና ከዚያ በእጄ እሰጣችኋለሁ አልኳቸው። ከወጣቶቹ በፊት ጋሽ ጳውሎስ «መስማት አያስፈልግም» አለ። በጣም ፈጥኖ ነው ያለው። ያኔ ነው የገባኝ። ልጆቹ በመዝሙር አድገዋል፣ የለቅሶ ሜዳ አይተው አያውቁም፣ የማያውቁትን ሰይጣን አሉት። እሱ ግን በግድግዳ የሰሙት ሲያወሩ ብቻ ሰምቶ ምን እንደሆነ አውቆታል። የሚፈራው ሰይጣንን አልነበረም፤ አንተን ነው የፈራው።

ተነሥቼ ሲዲዋን ማጫወቻው ውስጥ ከተትኳት። ልጫነው ስል መብራት ጥፍት አለ።

ሲዲዋ ውስጥ ናት፣ ማጫወቻው ያለ መብራት አይከፈትም። ታናሽየው ሽማግሌ በቢላዋ ጫፍ እንክፈተው አለ። ቢላዋ አላቀብለውም ብዬ ቆምኩ። እንግዳ ቆሞ ቢላዋ የተከለከለበት ቤት የእኛ ብቻ መሆን አለበት። ከዚያ እሱ ራሱ ሊያመጣ ወደ ጓዳ ሊነሣ ሲል ጋሽ ጳውሎስ ክንዱን ያዘው። ተቀመጥን። ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። ይሂዱልኝ እላለሁ፣ እንዳይሄዱብኝም እፈራለሁ፤ ከሄዱ ጋሽ ጳውሎስ ዳግመኛ እንደማይመጣ አውቃለሁ።

መብራቱ ሲመጣ ተጫንኩት፣ እስከ ስምንተኛው አሳለፍኩት።

ድምፅህ ቤቱን ሞላው። የእናታችሁን ስም ጠራህ፣ ጎሳዋን ጠራህ፤ ከዚያ ከበሮው ብቻ። ልጆቹ አለቀ ብለው ተያዩ። ሁለተኛ ጠራህ። ጋሽ ጳውሎስ መሬት መሬት ያያል፣ መንጋጋው ይንቀሳቀሳል። ዝምታው አለፈ። አሁን ሦስተኛው ቀርቷል፤ እሱም ካለፈ፣ በወጋችሁ፣ ወንድም አልነበረህም ማለት ነው። ሦስተኛ ጊዜ ጮኽክ። ጋሽ ጳውሎስ ጋቢው ከትከሻው ወድቆ ተነሣ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ መለሰልህ። የእናቱን ስም መለሰ። «ታ ኢሻው» አለ፣ ወንድሜ። ድምፁ ያንተው ሆኖ አረፈው፤ አንድ ማሕፀን ነውና ምን ይደንቃል። ያ ዝምታ የተለካው በእሱ ልክ ነበር፣ አንተ ክፉ ሰው፤ ከበሮው ሲያበቃ እሱም አበቃ።

ወጣቶቹ ምን ያድርጉ። አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ መጽሐፍ ቅዱሱን አጥብቆ ይዟል። ጋሽ ጳውሎስ ጋቢውን አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገና «ሲዲው አይሰበርም። እኔም ጮኼአለሁ ብላችሁ ንገሯቸው» አላቸው። እሑድ ደግሞ እነሱ ሳይናገሩ እሱ ራሱ ምእመኑ ፊት ቆሞ ተናገረ። ከሽምግልና አወረዱት። እኔንም ከመዘምራን አወጡኝ፤ አሁን ከኋላ ወንበር እሱ በወንዶች በኩል፣ እኔ በሴቶች በኩል እንቀመጣለን። አልዋሽህም፣ መዝሙር ሲጀመር አሁንም እግሬ ወደ ፊት ሊሄድ ይነሣብኛል። ቆጭቶኛል። ግን ብትጠይቀኝ፣ ያንኑ አደርጋለሁ።

አልበምህ ወጣ። ብዙ አልተሸጠም፣ ስለዚህ አትኩራ። አረካና ሶዶ ያሉ ወጣቶች ገዙት። በኋላ የሙዚቃ ቤቱ ሰውዬ አስጠራኝ፤ ሰው ሲዲውን እየመለሰ ነው፣ የመጨረሻው ዘፈን ያቋርጣል፣ ተበላሽቷል ይላሉ አለኝ። ቢኒያም አሁንም ጊታር ሊያስገባበት ዝግጁ ነው፤ ሁለተኛው እትም ይስተካከል ሲል ለመነኝ። አይሆንም አልኩት። የመለሰ ሰው ካለ ወደ እኔ ላኩት፣ እኔ እነግረዋለሁ አልኩ። አንድ የዲምቱ አዛውንት እውነትም መጡ። ነገርኳቸው። ሲዲያቸውን ኮታቸው ውስጥ መልሰው ከተው ሄዱ።

እና ማርቆሴ፣ ያቺን ባዶ ቦታ እኔ በሕይወት እስካለሁ ማንም ምንም አያስገባባትም። ጋሽ ጳውሎስ አንዳንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ ይመጣል፣ የቃሪያ ዳጣ ያስፈልገኛል ብሎ ምክንያት ይሰጣል፤ ዳጣውን ሳይወስድ ይረሳዋል። መብራት ካለ ስምንተኛውን እከፍትለታለሁ። በሦስቱም ዝምታዎች እሱ ለእናታችሁ ይመልሳል። እሱ በማይመጣ ቀን ግን ብቻዬን እከፍተዋለሁ፣ ከበሮው ብቻውን ሲቀር ያንተን ስም እጠራለሁ። ሦስት ጊዜ። የሚመልስልኝ እንደሌለ አውቄ እጠራለሁ፣ እስካለሁም አላቋርጥም።

አስቱ