የተጨመረው ሰኞ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ከሐይቅ ዳሩ ሆቴላችን ሃያ ስድስት ክፍል ዛሬ ሰው ያደረበት ዘጠኙ ብቻ። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ጨረስን። ሦስቱ የጽዳት ሠራተኞች ከኋላ በር ቁጭ ብለው ፀሐይ ሲሞቁ እንዳላየ ሆኜ አለፍኳቸው። የጽዳት አለቃ መሆን አንዳንዴ ዓይን መጨፈንም አይደል?

ልብስ አጣቢዋ አንሶላ እያጠፈች ያዘችኝ። ሬዲዮ ነው የምንላት፤ ያልሰማችው ወሬ የለም። «የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ በዓል ነው። ትሄጃለሽ ወይስ እንደ አምናው ትቀሪያለሽ?» እሄዳለሁ። አባዬን ካየሁት ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። ሥራ አስኪያጁ ፈርሞልኛል፣ ከረቡዕ እስከ እሑድ። የፈቃድ ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። ዛሬ ብቻ ሦስቴ አውጥቼ አየሁት… እንደ ልጅ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ሬዲዮ እየሮጠች መጣች። መንግሥት ወስኗል አለች። የሐሙሱ በዓል ከዓርብ ጋር ተያይዞ አራት ቀን ዕረፍት ሆኗል። ሰው ወጥቶ አገሩን እንዲያይ፣ ሆቴሎችም ገበያ እንዲያገኙ። ከሰዓት በዜናም ሰማሁት። ይጎብኝ፣ ማን ጠላ? ሰው ሁሉ ሲለፋ ነው የሚውለው።

አሥር ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። ገና በሩን ስከፍት ገባኝ። «ያቺን ፈቃድ… ታውቂያለሽ፣ ስልኩ አላቋረጠም። ሁሉም ክፍል ተይዟል። ያለ አንቺ እንዴት ይሆናል?» ሙገሳ ነው ክልከላ? ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ለምን ምንም አላልኩም?

እሑድ፣ ኅዳር 8

አባዬ ጋ ደወልኩ። እንዴት አድርጌ ልንገረው ስል ራሱ ጀመረው። ዜናውን ሰምቷል። «አራት ቀን አሉ አይደል? እንግዲህ አንቺ አልቆልሻል።» ማልቀሴን እንዳይሰማ ስልኩን አራቅሁ፤ ሰማ። «ተይ እንጂ እናቴ። አንቺ መምጣት ካልቻልሽ እኔ እመጣለሁ። ሕዝቡ ይጎብኝ አይደል ያሉት? እኔስ ሕዝብ አይደለሁ?»

አሳቀኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚሁ መስመር አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ተሳፋሪው ጋሽ ቀስበቀስ ነበር የሚለው፣ ቢዘገይም ያደርሳል ለማለት። እዚህ ሐይቅ ስንቱን ሰው አመጣ… እሱ ግን አንድ ቀን ውኃው ድረስ ወርዶ አያውቅም። መናኸሪያው ያለው ከላይ፣ ኮረብታው ላይ ነው። ያወርዳል፣ ይጭናል፣ ይመለሳል። «ከሩቅ ሲያብለጨልጭ አየዋለሁ። ቆርቆሮ ነው ቢሉኝም አምናለሁ» ይለን ነበር ልጆች ሆነን።

«ታሳዪኛለሽ?» አለኝ።

አሳይሃለሁ አልኩት። ከወረቀቱ የበለጠ ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ደስታው አለፈና… የት ነው የማሳድረው? የኔ ማደሪያ ከሁለት ሴቶች ጋር ተደራራቢ አልጋ ነው። ሬዲዮ ከተማውን በሙሉ ጠየቀችልኝ። ባዶ አልጋ የለም።

አሥራ አራት ቁጥርን አሰብኩ። ከኋላ በኩል ያለች ክፍል ናት፤ መስኮቷ የሚያሳየው የአንሶላ ማስጫውን ብቻ። በዚህ ሥራ ያለ ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ አለ። ክፍል ማስቀረት ሲፈለግ መዝገቡ ላይ ብልሽት ይጻፋል፣ በሩ ላይ ቢጫ ካርድ ይንጠለጠላል፦ «ለጥገና ተዘግቷል»። ከዚያ እንግዳ መቀበያው አይሰጠውም፣ ጽዳትም አይገባበትም። ለሥራ አስኪያጁ ዘመዶች ስንቴ አድርጌዋለሁ! ለራሴ ግን አንድ ቀን አላደረግሁም። ዛሬ ዓይኔን በጨው አጥቤ ጻፍኩ። «የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ያፈሳል። ከበዓሉ በኋላ ይጠገናል።» ካርዱንም ሰቀልኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

መጣ! በኋላ በር አስገባሁት። ከስቷል። ኮቱን ለብሶ፣ የሹፌርነቱን ኮፍያ ደፍቶ፣ በአንዲት ትንሽ ቦርሳ። ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ጫማውን አወለቀ።

«አባዬ፣ ሆቴል እኮ ነው። በጫማህ ግባ።»

«የምታጸጂው አንቺ አይደለሽ?»

አልጋውን በመዳፉ ጫን ጫን አድርጎ ሳቀ። በሰባ ሁለት ዓመቱ ሆቴል ሲያድር የመጀመሪያው ነው፤ ሹፌር እያለ አውቶቡሱ ውስጥ ነበር የሚተኛው።

ሕጉን ነገርኩት። ቀን ቀን አትውጣ። ውኃ ስትከፍት በቀስታ። ማንም ቢያንኳኳ አትመልስ፣ እኔ በራሴ ቁልፍ ነው የምገባው። ከታወቀብኝ ያባርሩኛል። «ጉብኝት ነው እስር ቤት?» አለ እየሳቀ። እሑድ ስድስት ሰዓት እንግዶቹ ሲለቁ ውኃው ዳር ይዤህ እወርዳለሁ፣ ከዚያ በአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ ትሄዳለህ አልኩት።

«እሺ አለቃ» አለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ሃያ አምስቱም ሙሉ። እግሬ የኔ አይመስለኝም። አባዬን ያየሁት ምግብ ሳደርስለት ነው፣ አምስት ደቂቃ።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ፎጣ አነሰ የምትል፣ ትራስ በዛ የሚል፣ ፍራሽ ላይ ጭማቂ የደፋ ልጅ… ሰዉ ግን ደስ ብሎታል፣ አልዋሽም። አንድ ጎልማሳ እናቱን አዝሎ በደረጃው ወደ ውኃው ሲወርድ አየሁ። አሮጊቷ ትከሻውን በጥፊ እየመቱ ይስቃሉ። ባልዲዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ቀናሁ። አባቴ ከኋላ ክፍል ተደብቆ ለምን አልቀና?

አልጋውን ራሱ አንጥፎ ነው የሚጠብቀኝ። ወጥሮ፣ ጥጉን አጥፎ፣ ከኔ የጽዳት ልጆች አስበልጦ። «ሥራ ልቀንስልሽ ብዬ ነው።» ሲውል በመስኮት የተሰጣ አንሶላ ያያል። «ይሄ ሁሉ በአንቺ እጅ ነው የሚያልፈው?» አለኝ። አዎ አልኩት። እጄን ይዞ ገልብጦ አየው። መለሰልኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ሰኞም ተጨመረ። መጀመሪያ ሬዲዮ፣ ቀጥሎ ዜናው። ጎብኚው ከታሰበው በላይ ስለሆነና እሑድ መንገዱ እንዳይጨናነቅ ሰኞም ሥራ ዝግ ነው። መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ አጨበጨቡ። እሑድ ለቅቆ የሚሄድ ጠፋ፣ ሁሉም አንድ ቀን አስጨመረ።

አባዬ «እንግዲያው እኔ ነገ ልሂድ፤ ሌላ ጊዜ ታሳዪኛለሽ» አለ። ሌላ ጊዜ የሚባል ነገር የለም፣ እስከ ሰኞ ቆይ አልኩት። ስድስት ሰዓት ላይ፣ ምንም ቢመጣ! ፊቱ ትንሽ ጠቆረብኝ… መተኛት ሲበዛ ይደክመኛል አለ። ከዚያ ደግሞ ሳቀ። «መንግሥት አንድ ቀን ከመረቀልኝማ ምን አስቸኮለኝ?»

ሰኞ፣ ኅዳር 23

አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ቆሜ ነው የምጽፈው። ሰባት ሰዓት ተኩል። ስድስት ብዬው ነበር… ሃያ ክፍል በአንድ ጊዜ ለቀቀ። ነገ ጠዋት የሚገባ የስብሰባ ቡድን አለ፣ ሁሉም ዛሬውኑ ይዘጋጅ ተብሏል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሻይ ሳደርስለት ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ገና እኮ ነው አባዬ!» «ሹፌር ቀድሞ ነው የሚዘጋጀው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጣው ይምጣ እወስደዋለሁ። ማን አባቱ ነው የሚከለክለኝ?

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 2

ቀብሬው መጣሁ። ዛሬ ሥራ ገባሁ። ካልጻፍኩት ያፍነኛል።

ዘጠኝ ሰዓት አልሄድኩም። አሥርም አልሄድኩም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው ቁልፉን ይዤ በኮሪደሩ የሮጥኩት፣ ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቀው እያሰብኩ። አልጋውና በሩ መካከል ወድቋል። ጫማው እንደታሰረ። አንድ እጁ በሩ ሥር። ሐኪሙ ልብ ነው አለ፣ ከወደቀ ሦስት አራት ሰዓት ይሆነዋል አለ። ቶሎ ብንደርስስ? አልኩት። ወለሉን ማየት ጀመረ።

ዛሬ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አዲሷ የጽዳት ሠራተኛ እግሬ ላይ ወደቀች። የሁለት ልጆች እናት፣ እንደዚያ መሬት ላይ። ያን ዕለት ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ በአሥራ አራት በኩል ስታልፍ ከውስጥ ሲንኳኳ ሰምታለች። ሁለቴ። ቆማለች። ካርዱን አየች። ያ የሚያፈሰው ቧንቧ ነው ብላ አለፈች። «ካርድ ያለበት በር አይነካም ብለሽን ነበር እኮ…» አዎ፣ ብያታለሁ። ሥራ በገባችበት ቀን፣ በገዛ አፌ፣ እስክትደግምልኝ ድረስ። አነሳኋት። አብረን አለቀስን።

እኔ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አንሶላ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ይቺው ደብተር ላይ እየጻፍኩ። በመካከላችን ሃያ እርምጃ እንኳ የለም። ካርዱን የሰቀልኩት እኔ። አትመልስ፣ ድምፅ አታሰማ ያልኩት እኔ። ልሂድ ሲለኝ ቆይ ያልኩት እኔ። ማንን ልጥላ?

ሥራ አስኪያጁ ስለ መዝገቡ አልጠየቀኝም። «ያለፈው አለፈ፣ በርቺ» አለኝ። ቢያባርረኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ወደ ውኃው የሚያወጣውን በር የሚጠብቁት ሽማግሌ ዘበኛ አስቆሙኝ። ነፍስ ይማር አሉኝ።

«ልንገርሽ አልንገርሽ እያልኩ ነው የከረምኩት። እኒያ ኮፍያ የሚያደርጉት… አባትሽ ነበሩ አይደል? ሰኞ ማለዳ መጥተው ነበር። ገና ሰው ሳይነሳ።»

ቀን አትውጣ ብዬው ነበር። ጎህ ሲቀድ ሾልኮ ወጥቷል ለካ!

«ውኃውን አየው?» አልኳቸው።

«በሩን ከፈትኩላቸው። ይቺን ዛፍ ካለፉ እኮ ነው፣ ይውረዱ አልኳቸው። ጥቂት ቆሙና እምቢ አሉ። ‹ልጄ ናት የምታሳየኝ። ቀድሜ ካየሁት ደስታዋን እቀማታለሁ› ብለውኝ ተመለሱ።»

ከበሩ እስከ ዛፏ አርባ እርምጃ ነው። ዛሬ ለክቼዋለሁ።

አባዬ… ምነው ባየኸው? ምነው ለአንድ ቀን እንኳ ባታስብልኝ?

ሐሙስ፣ ጥር 22

ዜና። የረጅም ዕረፍቱ ሙከራ የተሳካ ስለነበር ከእንግዲህ በዓል በመጣ ቁጥር እስከ ሰኞ ይራዘማል። ቋሚ ሆነ። ስንት ሰው ከቤቱ ወጥቶ አገሩን እንደጎበኘ በቁጥር ተናገሩ። አባዬም እዚያ ቁጥር ውስጥ ይኖር ይሆን? ትኬት ቆርጦ ነው የመጣው…

ሬዲዮ ወሬውን ሰምታ ሳትነግረኝ ስትቀር የመጀመሪያዋ ነው። አንሶላዋን ማጠፏን ቀጠለች።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀት የሚያይ እየመሰለ «ለመጪው በዓል አማቴ ይመጣሉ። ያቺን… ከኋላ ያለችውን ክፍል እንደለመድነው አድርጊልኝ» አለኝ። እንደለመድነው! እሺም እምቢም ሳልለው ወጣሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 3

የተጨመረው ሰኞ። ሃያ ስድስቱም ክፍል ሙሉ ነው።

ባለፈው ሳምንት ቢጫዎቹን ካርዶች ከያሉበት ሰብስቤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። «ከዛሬ ጀምሮ ተበላሸ ብዬ የምጽፈው የተበላሸ ብቻ ነው» አልኩት። አማቱ በስማቸው ተመዝግበው አሥራ አራት ቁጥር ናቸው። ለአዲሷም ነግሬያታለሁ፦ ካርድ ይኑር አይኑር፣ ድምፅ ከሰማሽ ክፈቺ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሽርጤን ፈታሁ። አዲሷ የት ነው ሳትለኝ የያዝኩትን አንሶላ ተቀበለችኝ። ሥራ አስኪያጁ ግን በረንዳው ላይ ደረሰብኝ። «ወዴት ነው? አሥራ አምስት ክፍል ይጠብቅሻል እኮ!»

«ውኃ…» አልኩት። «ውኃውን ላይ ነው የምሄደው።»

አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ስሠራ ለሥራ ካልሆነ ወርጄ አላውቅም። ሽማግሌው በሩን ከፍተው ከወንበራቸው ተነሱልኝ። ዛፏን አለፍኩ። ሰው በሰው ነው፣ ልጆች ይንቦጫረቃሉ፣ አባቶች ሱሪያቸውን ሰብስበው ቆመዋል። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩና የአባዬን ኮፍያ ጉልበቴ ላይ አደረግሁት። ግማሽ ሰዓት ያህል።

ስወርድ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። ውኃ ያው ውኃ ነው፣ ምንም አልቀረብህም ልለው። ለሱ ብዬ ልዋሽ።

አልቻልኩም አባዬ። ከቅርብ ቆርቆሮ አይመስልም። በጣም ያምራል።