የአዴ ዘይነባ ጧፍ

ሰኔ 13፣ ከሚሴ

ጎረቤቴ አዴ ዘይነባ ዛሬ ጠዋት ደጃፌ ላይ ጠበቁኝ። ልጃቸው ሕመሙ ሲጠናባት፣ ለሚካኤል ብለው የገዙትን ጧፍ እንዳደርስላቸው የሰጡት ለእኔ ነበር። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ ከጎረቤት ክርስቲያን እኔ ብቻ ነኝ።

«ትናንት በበዓሉ አደረስሽልኝ ልጄ?»

«አዎ» አልኩ።

«ገለቶሚ! አልሐምዱሊላህ!» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። «እኔ ዱዓዬን አላቋረጥኩም። አንቺም በጸሎትሽ በርቺልኝ።»

እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ረግጬ አላውቅም። ጸሎትም ትቻለሁ። ይህን በምን አፌ ልንገራቸው?

ከሰዓት ጧፉን ያስቀመጥኩበትን የቆርቆሮ ሳጥን ከፈትኩ። ጧፉ በቆርቆሮው ሙቀት ቀልጦ አንድ ላይ ተጣብቋል። ልለያየው ስሞክር ክሩ ብቻ እጄ ላይ ቀረ። ልጅቷ ከግድግዳው ወዲያ ታስላለች።