ነጭ ቆርቆሮ ለከለከሉን ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ ሰብሐት አንዷለም
የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ የቤቶች ገጽታ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ማሪዬታ፣ ጆርጂያ
ኦገስት 23 ቀን 2007

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ቤትዎ የቀዘቀዘ፣ እንቅልፍዎም ያልተቆራረጠ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። መቶ ዲግሪ ፋራናይት ገብቶ አልወጣም ያለው የዘንድሮ ሙቀት እርስዎን እንደማይደፍርዎት ስለማውቅ በዚህ በኩል ሐሳብ የለኝም።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ ጽፌ በሐበሻ ግሮሰሪዎች ደጃፍ በነጻ በሚታደለው ጋዜጣ እንዲወጣ ያደረግሁት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። በጁኑ ስብሰባ ስለ እኔ ማመልከቻ ያደረጉት ንግግር በእንግሊዝኛ ስለነበረ ፈረንጆቹ ጎረቤቶቻችን ብቻ እንደተጠቀሙበት አይቼ፣ የራሳችን ሰዎችም እንዳይቀርባቸው ብዬ ነው።

ለማያውቁ አንባቢዎች ነገሩ እንዲህ ነው። በኤፕሪል የወረደው በረዶ የቤቴን ጣሪያ በሳሳው፤ ኢንሹራንሱም አዲስ ጣሪያ ይገባዋል ብሎ ፈረደ። ሚድታውን በአንድ የምሕንድስና ቢሮ የምትሠራው ልጄ ሚካኤላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታወዳድር ከርማ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ መረጠች። አብዛኛው ከአሮጌ ብረት ቀልጦ የተሠራ ነው፤ ፀሐይን ወደ መጣችበት ይመልሳል፤ እኔን ቀብሮ ይኖራል፤ ዕድሜው ሲያልቅም መልሶ ይቀልጣል። አሁን ሰፈራችን ሁሉ የለበሰው ሬንጅ የተቀባው ጥቁር ሺንግል ግን ቀኑን ሙሉ ሙቀት ሲጠጣ ይውልና በየሃያ ዓመቱ ተገንጥሎ ቆሻሻ መድፊያ ይጣላል። በደንባችን መሠረት የጣሪያ ዓይነት ለመቀየር የኮሚቴው ሊቀመንበር ፊርማ ያስፈልጋል። ቀለሙ አምሮኝ አይደለም የጠየቅሁት። ባለቤቴ ሸዋነሽ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ትሠራለች፤ የምትተኛው ቀን ነው። መኝታ ቤታችን ልክ ከጣሪያው ሥር ነው፤ ምድር ቤቱ ከኩሽናው ጋር አንድ ሰፊ ክፍል ስለሆነ ብርሃኑና ጫጫታው አያስተኛም። ኤሲው ከጠዋት እስከ ማታ እያጓራ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አልጋዋ አጠገብ የሰቀልኩት ቴርሞሜትር ዘጠና ሦስት ያነባል።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ። ለሊቀመንበርነት ሲወዳደሩ፣ የእኛ ሰው እዚያ ቢቀመጥ ጉዳያችን ይሰማል ብለን በሰፈሩ ያሉትን ዘጠኝ የሐበሻ ቤቶች እየዞርኩ የውክልና ፊርማ ያሰባሰብኩልዎት እኔ ነበርኩ። እርስዎም ለወገኑ አደላ እንዳይባሉ፣ በሥልጣን ዘመንዎ የመጀመሪያውን «አይቻልም» ለእኔ አደረጉልኝ። ክብሩ በዝቶብኛል። በዚያው ስብሰባ አንድ ፈረንጅ ጎረቤታችን በሩ ላይ ሁለት የሲሚንቶ አንበሶች እንዲያቆም መፍቀድዎን ስመለከትማ፣ የሰፈራችን ውበት በማን እጅ እንዳለ ገብቶኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሁለተኛ። ልጄ አቅርባ የጨረሰችውን ጥናት በአንድ ዓረፍተ ነገር ስላፈረሱልን አመሰግናለሁ። «እኛ ወደዚህ አገር የመጣነው ከቆርቆሮ ሸሽተን ነው» አሉና አዳራሹን አሳቁት። ክቡርነትዎ ከምን እንደሸሹ አላውቅም፤ እኔ ግን የዲቪ ሎተሪ ደርሶኝ ነው የመጣሁት፤ ከቆርቆሮ ጋር አንድም ቀን ተጣልቼ አላውቅም። ሲሳቅባት የልጄ ፊት ሲቀላ አየሁ። አሜሪካ ያደገች ልጅ ስለሆነች ቆርቆሮ ማለት በእኛ ዘንድ ምን እንደሚያሳፍር አታውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ከእርስዎ ተማረች። አዲስ አበባ ያሠሩትን ቪላ ፎቶግራፍ ባለፈው ገና ለእንግዳው ሁሉ እያዞሩ ሲያሳዩ፣ ቀዩን የቆርቆሮ ጣሪያ በጣትዎ እየነኩ «ይኼ ከውጭ የመጣ ነው» ብለውን ነበር፤ ያው ጣሪያ ውቅያኖስ ሲሻገር ውርደት እንደሚሆን ሳይነግሩን በመቅረትዎ ቅር ብሎኛል።

ሦስተኛ። በውሳኔው ደብዳቤ ላይ ቆርቆሮ ዝናብ ሲመታው ጎረቤት ይረብሻል የሚል ምክንያት ሰፍሯል። ሚካኤላ ከሥሩ ድምፅ የሚውጥ ንጣፍ እንደሚገባ በሥዕል አስረድታ ነበር፤ እሱን ተዉት። ጆርጂያ በድርቅ ተመትታ፣ ሣር ማጠጣት በቀን ተሸንሽኖ፣ የምንጠጣው ውኃ የሚቀዳበት ሐይቅ ጎድሎ ጭቃው በሚታይበት በዚህ ዓመት ስለ ዝናብ ጩኸት መጨነቅዎ አርቆ አሳቢነትዎን ያሳያል። ዝናቡን ብቻ ያምጡልን፤ ጩኸቱን ወጥተን አብረን እንሰማዋለን።

አራተኛ። ይህን ሳልጽፈው ብቀር ይቆጨኛል። ጁላይ ላይ ቤቴ ድረስ መጥተው ሲጎበኙ፣ ልጄ አንድ ቁራጭ ነጭ ቆርቆሮና አንድ ቁራጭ ጥቁር ሺንግል ጎን ለጎን ፀሐይ ላይ አስጥታ ጠበቀችዎት። ቆርቆሮውን ነኩት፤ እጅዎን አሳርፈው ቆዩ። ሺንግሉን ሲነኩ ግን እጅዎን ነጥቀው ጣትዎን እፍ እፍ አሉ፤ እኔም በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ አቀረብኩልዎት። ከዚያ በዚያው በተቃጠለው ጣት ብዕር ይዘው ክልከላውን ለሁለተኛ ጊዜ ፈረሙ። ለመርሕ ሲባል ይህን ያህል ሥቃይ የሚችል ሰው በዘመኔ አይቼ አላውቅም።

አምስተኛ። ፈቃድ እስኪገኝ ዝናብ ቢመጣ ብዬ ያለበስኩት ሰማያዊ ሸራ የሰፈሩን ገጽታ ስለሚያበላሽ በሠላሳ ቀን ውስጥ እንዳነሳ የሚል ማስጠንቀቂያ ልከውልኛል። ጣሪያ እንዳልሠራ ከልክለው፣ ሳልሠራ በመቆየቴ ሊቀጡኝ ነው ማለት ነው። ይህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ላቁም፤ ጨዋነቴም እያለቀ ነው። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ። ልጄ «አባዬ፣ ፕሊዝ፣ ሰውዬው ላይ አትጩህበት፤ ዳታውን ሴንድ አድርገንለታል፣ አፒል እናደርጋለን» እያለች ስታባብለኝ ከርማለች፤ እኔም እስከ ኦገስት ስድስት ድረስ ታገስኩ። የዚያን ዕለት ጠዋት ሸዋነሽ ከሥራ ስትመለስ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ ሳትተኛ ቆይታ፣ ሰባ አምስት በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ መሪ እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። መኪናዋ የመሐሉን የኮንክሪት ግንብ ስትፍቅ ሄዳ ሄዳ ቆመች። ስልኩን ሳነሳ የሰማሁት «ዳኘው፣ ደህና ነኝ፤ ግን ስነቃ እየነዳሁ ነበር» የሚል ድምፅ ነው። የግራው በር ተልጦ ብረቱ ይታያል። ከጎኗ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ያልነበረው ትምህርት ቤት ገና ስላልተከፈተ ብቻ ነው። የሌሎችን እናትና አባት ሌሊቱን ሙሉ ስታገላብጥ የምታድር ሴት፣ ጥቁር ቀለም ስላማረዎት ልትሞት ነበር። እርስዎ ይህን በማግሥቱ ሰምተዋል፤ ሰምተውም የላኩልኝ የሸራውን ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔው አደርሳታለሁ፣ እኔው እመልሳታለሁ፤ መንገድ ላይ አንነጋገርም፣ እሷ ስለሚደክማት፣ እኔ ስለምፈራ።

ይግባኙ ሴፕቴምበር ስድስት ይሰማል። ከእርስዎ የምንፈልገው ይቅርታ አይደለም፤ ንግግርም አይደለም፤ በእንግሊዝኛም ሆነ በአማርኛ ምንም ባይሉ እንወዳለን። አንዲት ፊርማ ብቻ ናት። ሚካኤላ የሚፈርሙበትን ቦታ በቢጫ ቀለም አቅልማልዎታለች።

ይህን ረጅም ደብዳቤ ለማንበብ ከከበረው ጊዜዎ ስለቀነስኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የሰፈራችን ጣሪያ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ሆኖ ከአውሮፕላን ሲታይ እንደሚያምር አልጠራጠርም። መጪው አዲስ ሚሊኒየም ለእርስዎና ለቤተሰብዎ የጤና፣ የሹመትና የጥላ ዘመን ይሁንልዎ።

ከማይለካ አክብሮትና ሊለካ ከሚችል ሙቀት ጋር፣
የኮሚቴዎ ታዛዥ
ዳኘው ምስጋና

ድኅረ ጽሑፍ፦ በማኅበራችን ደንብ አንቀጽ አሥራ ሁለት መሠረት፣ በማንኛውም ቤት ከአሥራ አራት ቀን በላይ የሚቆይ እንግዳ ካለ ለሊቀመንበሩ በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ መሆኑን ያውቃሉ። ሕግ አክባሪ ስለሆንኩ እነሆ አሳውቃለሁ። ከአደጋው በኋላ ባለቤትዎ ወይዘሮ እታገኝ ሊጠይቁን መጥተው ነበር። መኝታ ቤታችን ወጡ፣ አልጋው ጫፍ ላይ አምስት ደቂቃ ያህል ተቀመጡ፣ ከዚያ ላባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ወርደው የቤታችሁን ቁልፍ ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጡ። እነሆ ከኦገስት ስምንት ጀምሮ ሸዋነሽ በየቀኑ እርስዎ ሥራ ከሄዱ በኋላ እዚያው ቤትዎ፣ ከመሬት በታች በቀዝቃዛው ቤዝመንት ባለው የእንግዳ አልጋ ላይ ሰባት ሰዓት ሙሉ ትተኛለች። ይህን እንድጽፍ የፈቀዱልኝም ወይዘሮ እታገኝ ናቸው፤ ራሳቸው ሊነግሩዎት ሁለት ጊዜ ጀምረው፣ ስለ ኮሚቴው ሥራ ሲያወሩላቸው ተዉት። አደራዎን፣ ድንገት በቀን ወደ ቤት ከተመለሱ ጫማዎን አውልቀው ይግቡ፤ ሰው ተኝቷል።