የፈረስ ቤት ብርድና የመኪናው ማሞቂያ

ለልጄ ለእጅጉ፣
በሰው አገር የምትረግጠውን በረዶ አምላክ እንደ ምንጣፍ ያለስልስልህ። እኛ በፍኖተ ሰላም አለን። ልጄ፣ ተቀመጥ፤ ቆመህ የሚሰማ ወሬ አይደለም። ቤታችን ላይ ከባድ ነገር ወርዷል።

እህትህ ተናኜ ከወለደች በሳምንቷ ሕፃኑን ሳል ያዘውና ከምትኖርበት ከፈረስ ቤት ከተማ ወደ ሐኪም ከነእናቱ በመኪና ይዘነው ወጣን። ሾፌሩ ዘሩ ማሞቂያውን ቢከፍት የውርጭ ነፋስ ለቀቀብን። የሕፃኑ ከንፈር ጠቆረ። ከብብቴ ሸጉጬው እያለቀስሁ እመቤቴን ተጣራሁ። አንተ ስትወለድ እንኳ እንዲህ አላለቀስሁም፤ አፍንጫህን አይቼ ስስቅ ነበር።

ዘሩ ወርዶ ቱቦዎቹን ዳሰሰ።
«እሜቴ፣ ወደ ማሞቂያው የሚሄደው ቀዝቃዛ ነው፤ ሙቅ ውሃ አልደረሰውም።»
የሞተሩን ውሃ መያዣ፣ ራዲያተሩን፣ ቢከፍት ውሃው ጎድሏል።
«ጧት ሞልቼው ነበር! ማን ጠጣው?»
የተናኜ ባል ሀይሉ አንገቱን ደፋ።
«አባ ወልደ ዮሐንስ ጸበል ሊረጩልን ሲመጡ ለእግራቸው መታጠቢያ ለብ ያለ ውሃ አጣን። ሞተሩ ሞቆ ስለነበር ከራዲያተሩ ሥር ከፍቼ ቀዳሁ።»
«እሰይ! የልጅህን ሙቀት ለቄሱ ተረከዝ ሰጠኸው!» አልሁት፣ እያለቀስሁ።

ከምንጭ ቀድተን ሞላነው። ዘሩ ክዳኑን ሳይገጥም ሞተሩን አስነሥቶ፣ ቱቦው ውስጥ የታፈነው አየር አረፋ እየሆነ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ሙቅ ነፋስ መጣ። ሕፃኑ አስነጠሰና ጡት ፈለገ። ሐኪሙም «ጉንፋን ነው» ብሎ ሸኘን።

አምላክ ከብርድ ይሰውርህ፣ በሰው አገር ሰው ይስጥህ። ለሕፃኑ ስም አስበህ ላክልን። ተቀመጥ ያልሁህ ለአንድ ማሰሮ ውሃ ነበርና፣ አሁን ተነሥ።

እናትህ ወለተ ኢየሱስ